የአቅራቢ፣ የክምችትና የጭነት ስጋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በግዢ፣ በመጋዘንና በጭነት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ደጋግመው ያነሷቸዋል። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ አንዳንዱን በሁለት መስመር እንገላገለዋለን። የትልልቅ ኩባንያዎችን ታሪክ የማነሳው የደረሰባቸው ነገር በአደባባይ ስለሚታወቅ ነው። አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅትም ነገሩ ያው ነው።

የአቅርቦት ሰንሰለት ስጋት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ በሚያስፈልጋችሁ ጊዜ፣ መጠንና ጥራት ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ስጋቱ ይኸው ነው። ምክንያቱ እሳት፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የአቅራቢ ኪሳራ፣ የወደብ መጨናነቅ ወይም የአንድ ፊርማ መዘግየት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ስለ ስጋት ሲያስብ ምክንያቶቹን መዘርዘር ይጀምራል። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፤ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተዘረዘረው ነው። ከውጤቱ መነሳት ይሻላል። ይህ ዕቃ በምንም ምክንያት ይሁን ነገ ቢቀር፣ ስንት ቀን መሥራት እችላለሁ? ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው መልስ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል።

ከየት ልጀምር? ብዙ ገንዘብ የምከፍላቸውን አቅራቢዎች ብከታተል አይበቃም?

አይበቃም። ይህ ስህተት በየቦታው አለ። ግዢ ክፍሉ አቅራቢዎችን በዓመታዊ ክፍያ መጠን ይደረድርና ከላይ ያሉትን አሥር ይከታተላል። ከታች ያሉትን የሚያስታውሳቸው የለም። ሥራ የሚያስቆመው ግን ብዙውን ጊዜ ከታች ያለው ነው።

በየካቲት 1997 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ካሪያ በሚገኝ የአይሲን ፋብሪካ እሳት ተነሳ። ፋብሪካው ለቶዮታ መኪኖች ፍሬን የምታገለግል አንዲት አነስተኛ ቫልቭ ያመርት ነበር። ዕቃዋ ርካሽ ናት፤ በእጅ መዳፍ ትያዛለች። ቶዮታ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚገዛው ከዚያው ፋብሪካ ነበር። በእጁ የነበረው ክምችትም የሰዓታት ጉዳይ ነበር። በቀናት ውስጥ በጃፓን ያሉት የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ቆሙ። አንድ ሙሉ መኪና ቆሞ የሚጠብቀው ያቺን ቫልቭ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ለማን ብዙ እከፍላለሁ?» አይደለም። «የትኛው ዕቃ ቢጎድል ሽያጭ ይቆማል?» ነው። ክዳን፣ ማሸጊያ፣ ማስቲሽ፣ የመለያ ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ብሎን ሊሆን ይችላል። የማምረቻ ክፍሉን ኃላፊ ጠይቁት። ከሒሳብ ክፍሉ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ስንት ቀን መቆየት እንደምችል እንዴት አሰላዋለሁ?

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመቆያ ጊዜያችሁ ነው፤ ዕቃው ዛሬ ቢቋረጥ ደንበኛ ሳያውቅባችሁ ስንት ቀን ትሄዳላችሁ? ሁለተኛው የማገገሚያ ጊዜ ነው፤ ያው አቅራቢ እስኪነሳ ወይም ሌላ እስክታገኙ ስንት ቀን ይፈጃል?

ምሳሌ እንውሰድ። በመጋዘን ያለው ግብዓት ለ12 ቀን ይበቃል። ከአቅራቢው ወጥቶ በመንገድ ላይ ያለው የ8 ቀን ነው። ተሠርቶ ያለቀው ምርታችሁ ደግሞ የ10 ቀን ሽያጭ ይሸፍናል። ድምሩ 30 ቀን ነው። አሁን ሌላ አቅራቢ ፈልጋችሁ ናሙና ለማግኘት 2 ሳምንት፣ ናሙናውን ፈትሾ ለማጽደቅ 1 ሳምንት፣ ለማምረት 3 ሳምንት፣ ለማጓጓዝ 4 ሳምንት ይወስዳል እንበል። 10 ሳምንት፣ ማለትም 70 ቀን። በመካከል 40 ቀን ክፍት ነው። ያ 40 ቀን ነው ስጋታችሁ።

ክፍተቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ዕቃ ላይ እንቅልፍ አትጡ። ክፍተቱ ሰፊ የሆነውን ግን በሁለት በኩል ማጥበብ ይቻላል። ወይ ክምችት ትጨምራላችሁ፣ ወይ የማገገሚያውን ጊዜ ታሳጥራላችሁ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለምሳሌ የሌላ አቅራቢ ናሙና ዛሬ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ አስፈትሻችሁ ካጸደቃችሁ ከ70 ቀን ላይ 3 ሳምንት ቀነሳችሁ ማለት ነው። ምንም ዕቃ አልገዛችሁም።

አቅራቢውን «ችግር ቢገጥምህ በስንት ቀን ትነሳለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ኧረ እኛ ጋ ችግር የለም» የሚል መልስ ይመጣል። አትቀበሉት። «ዋናው ማሽንህ ቢቃጠል ሌላ ከየት ታመጣለህ?» ብላችሁ ዝርዝር ውስጥ ግቡ።

ሁለት አቅራቢ ከያዝኩ ደህና ነኝ አይደል?

ሁለቱ በእርግጥ ሁለት ከሆኑ። ብዙ ጊዜ ግን አይደሉም።

በመጋቢት 2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ይህን በደንብ አሳይቷል። ከፉኩሺማ ብዙም በማይርቀው በኦናሃማ የጀርመኑ ሜርክ ፋብሪካ ነበረው። ዚራሊክ የሚባለውን፣ የመኪና ቀለምን የሚያብለጨልጭ ዱቄት ይሠራል። በወቅቱ ዱቄቱ በዓለም ላይ የሚመረተው እዚያ ብቻ ነበር። መኪና ሠሪዎቹ የተለያየ ቀለም አቅራቢ ነበራቸው። ቀለም አቅራቢዎቹ ግን ዱቄቱን የሚያመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ፎርድ የተወሰኑ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያላቸው መኪኖች ትዕዛዝ መቀበል እስከማቆም ደረሰ። ሞተር ሳይሆን ቀለም!

በዚያው ዓመት በታይላንድ የደረሰው ጎርፍ ሌላ መልክ አለው። የዓለምን ሃርድ ዲስክ ጉልህ ድርሻ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችና የክፍሎቻቸው አቅራቢዎች በአንድ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ተሰባስበው ነበር። ውኃው ሲመጣ አልመረጠም። የኮምፒውተር ሠሪዎች አንዱን ትተው ወደ ሌላው ልሂድ ቢሉ ሌላውም በውኃ ተውጧል፣ ወይም ክፍል የሚልክለት ተውጧል።

ስለዚህ ሁለተኛ አቅራቢ ስትመርጡ አራት ነገር ተመልከቱ። ጥሬ ዕቃውን ከየት ያመጣል? በአንድ አካባቢ ናቸው ወይ? በአንድ ወደብና መንገድ ይጠቀማሉ ወይ? ባለቤታቸው አንድ ነው ወይ? በመጨረሻው ጥያቄ ሰው ይስቃል እንጂ ሁለት ስም፣ አንድ ባለቤት የሆነ አቅራቢ ብርቅ አይደለም።

ግዢውን ለሁለቱ እንዴት ላከፋፍል?

እኩል መክፈል አያስፈልግም። 70 በ30 ወይም 80 በ20 የተለመደ ነው። ዋናው ትንሹ ድርሻ ሁለተኛውን አቅራቢ በእውነት የሚያሠራ መሆኑ ነው። በዓመት አንዴ ትንሽ ትዕዛዝ የምትሰጡት አቅራቢ ቀን ሲከፋ አያውቃችሁም። ችግሩ ዘርፉን በሙሉ ከነካ ደግሞ ያለውን ዕቃ መጀመሪያ የሚያካፍለው ለቋሚ ደንበኞቹ ነው።

ዕቃው በብዛት ካልተገዛና ሁለት ቦታ መክፈል ዋጋውን ካናረው፣ አንድ አቅራቢ ይዛችሁ ክምችት ብታበዙ ይሻላል። ለሁሉም ዕቃ ሁለት አቅራቢ የሚባለውን ሕግ አላምንበትም።

የአቅራቢዬን አቅራቢ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ግን አይነግሩኝም።

ይፈራሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ምንጫቸውን ከነገሯችሁ ነገ አልፋችሁ ራሳችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ። ስም ካልሰጡ ቦታውን ጠይቁ። «የትኛው አገር፣ የትኛው ከተማ፣ ስንት ምንጭ አለህ?» የሚለውን አብዛኛው ሰው ይመልሳል። ለስጋት ሥራ ይህ ይበቃል።

ሁሉንም ደረጃ ለማወቅ አትሞክሩ። ሽያጭ የሚያስቆሙትን ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ወደ ታች ተከታተሉ።

አቅራቢዬ ሊወድቅ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የሒሳብ መግለጫ ጥሩ ነው፤ ግን የሚደርሳችሁ ካረጀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ድሮ በዱቤ ይሰጥ የነበረው ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ይጀምራል። ቅድመ ክፍያ የነበረው ደግሞ ከፍ ይላል። አንድ ትዕዛዝ በሦስት ተከፋፍሎ ይመጣል። የምታውቁት የሽያጭ ሠራተኛ ይለቃል፤ የተተካውም ይለቃል። የጥራት ጉድለት ከየት መጣ ሳይባል ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ ጥሬ ዕቃ መግዛት መጀመሩን ያሳያል። ስልክ አለማንሳትም አለ። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሦስቱ በአንድ ወር ከተገናኙ ግን ሄዳችሁ እዩ። መጋዘኑን አንዴ መጎብኘት ብዙ ገጽ መጠይቅ ከመሙላት ይበልጣል።

አንድ ምልክት ለብቻው ላንሳ። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህ አስገቡ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ አትክፈሉ። በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ። የአቅራቢን ኢሜይል ሰብረው ገብተው በትክክለኛው ደረሰኝ ላይ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይሩ ሌቦች አሉ።

አቅራቢው ከወደቀስ? በ2001 መጨረሻ ለላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ መኪና ሻሲ (የመኪናውን የታች አጽም) የሚሠራው ብቸኛ አቅራቢ፣ ዩፒኤፍ-ቶምሰን፣ ከሰረ። ኪሳራውን የተረከቡት ሰዎች ምርቱ እንዲቀጥል ከመኪና ፋብሪካው ከፍ ያለ ገንዘብ ጠየቁ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው። ሞልዱ (የዕቃው ቅርጽ ማውጫ)፣ ዲዛይኑና ልዩ መሣሪያው የማን ነው? ገንዘቡን እናንተ ከፍላችሁ ከሆነ የእናንተ መሆኑ በውሉ ይጻፍ፤ በሞልዱም ላይ ይቀረጽ። ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፋችሁ የራሳችሁን ዕቃ እንዳትጠይቁ።

ስንት መጠባበቂያ ክምችት ልያዝ?

ይህ በስሜት ሲወሰን አያለሁ። «የአንድ ወር ይኑረን» ይባላል፤ ለምን አንድ ወር እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ቀላል ስሌት አለ።

በቀን በአማካይ 40 ካርቶን ትጠቀማላችሁ እንበል፤ መዋዠቁ (ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ) 10 ነው። ዕቃው ከታዘዘ በ16 ቀን ይደርሳል። ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ዕቃ እንዳያልቅባችሁ ከፈለጋችሁ የምታባዙት ቁጥር 1.65 ነው። የ16 ስኩዌር ሩት 4 ነው። 1.65 በ10 በ4 ሲባዛ 66 ይሆናል። በ16 ቀን ውስጥ የሚያልቀው 640 ነው፤ 66 ሲደመርበት 706። በመጋዘን ያለው 706 ሲደርስ አዲስ ትዕዛዝ ይወጣል፤ የማዘዣ ነጥብ የሚባለው ይህ ነው።

እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ዕቃው ሁልጊዜ በ16ኛው ቀን ይደርሳል ያለው ማነው? አንዴ በ12፣ አንዴ በ20 ይመጣል። የመድረሻ ጊዜው መዋዠቅ 4 ቀን ከሆነ ስሌቱ ይቀየራል። የ10 ካሬ (100) በ16 ሲባዛ 1,600 ነው። የ40 ካሬ (1,600) በ4 ካሬ (16) ሲባዛ ደግሞ 25,600። ድምሩ 27,200፤ ስኩዌር ሩቱ 165 ገደማ። በ1.65 ሲባዛ 272 ይሆናል። መጠባበቂያው ከ66 ወደ 272 ዘለለ!

ቁጥሮቹን ተመልከቷቸው። ከ27,200 ውስጥ 25,600ውን ያመጣው የደንበኛ ፍላጎት አይደለም። የአቅራቢው ወይም የጭነቱ ቀን አለመጠበቅ ነው። በአማካይ በ20 ቀን፣ ግን ሁሌም በ20ኛው ቀን የሚያደርስ አቅራቢ፣ በአማካይ በ16 ቀን ከሚያደርስና ቀኑ ከማይታወቅ አቅራቢ ያነሰ መጠባበቂያ ያስይዛችኋል። በምሳሌያችን 74 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የወጣበትንና የገባበትን ቀን መዝግቡ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው።

ስሌቱ ለተለመደው መዋዠቅ ነው። ፋብሪካ ለሚያቃጥል እሳት አይሠራም። ለዚያ ቀደም ሲል ያየነው የቀናት ክፍተት ነው መለኪያው።

ታዲያ «ጀስት ኢን ታይም» (ክምችት ሳያበዙ ዕቃን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ማስመጣት) አበቃለት ማለት ነው?

አላበቃለትም። የፈለሰፈው ቶዮታ ራሱ ከ2011 በኋላ ለይቶ ነው የሠራው። መተኪያ ለሌላቸውና ለማገገም ረጅም ጊዜ ለሚወስዱ እንደ ቺፕ ላሉ ዕቃዎች አቅራቢዎቹ የወራት ክምችት እንዲይዙ አደረገ። ሌላውን እንደ ድሮው ቀጠለ። የቺፕ እጥረቱ በ2021 ሲመጣ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ ዘግይቶ ነው የተነካው። በኋላ ላይ ግን እሱም ምርት ቀንሷል፤ ክምችት ጊዜ ይገዛል እንጂ ችግርን አያጠፋም።

ጭነቴ መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

መልሱ በውላችሁ ላይ ባለው የሦስት ፊደል ቃል ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የሚያወጣቸው ኢንኮተርምስ ይባላሉ፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉት የ2020ዎቹ ናቸው፤ 11 ናቸው። ወጪውን ማን እንደሚከፍልና ስጋቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የት ላይ እንደሚሻገር ይወስናሉ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ላይሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሲአይኤፍን ውሰዱ። ሻጩ የመርከብ ኪራዩንም ኢንሹራንሱንም እስከ እናንተ ወደብ ይከፍላል። ገዢው «እስኪደርስ ድረስ የእሱ ጣጣ ነው» ብሎ ይተኛል። አይደለም። ስጋቱ ወደ ገዢው የተሻገረው ዕቃው በተነሳበት ወደብ መርከቡ ላይ ሲጫን ነው። ባሕር ላይ የሚደርሰው ጉዳት የእናንተ ነው። ሻጩ እንዲገዛ የሚገደደው ኢንሹራንስም ዝቅተኛው ነው፤ ክላውዝ ሲ የሚባለው። እሳትን፣ የመርከብ መስጠምንና የመሳሰሉትን ትልልቅ አደጋዎች እንጂ ስርቆትን አይሸፍንም። ሰፊውን ክላውዝ ኤ ከፈለጋችሁ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ሌላው የተለመደ ነገር በኮንቴይነር ለሚጫን ዕቃ ኤፍኦቢ (ስጋቱ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ወደ ገዢው የሚሻገርበት) መጠቀም ነው። ኮንቴይነር የሚረከበው ተርሚናል ውስጥ ነው፤ መርከቡ ላይ የሚወጣው ቆይቶ ነው። በመካከል የሚደርሰው ጉዳት ለሻጩ ያልታሰበ ዕዳ ይሆናል፤ ክርክርም ያመጣል። ለኮንቴይነር የሚመከረው ኤፍሲኤ ነው፤ ስጋቱ የሚሻገረው ዕቃው በተስማሙበት ቦታ ለአጓጓዡ ሲሰጥ ነው።

ኢንሹራንስ ስላለኝ መዘግየቱን ይከፍለኛል አይደል?

አይከፍላችሁም። በተለመደው የጭነት ኢንሹራንስ፣ ክላውዝ ኤን ጨምሮ፣ በመዘግየት የሚመጣ ኪሳራ በግልጽ የተገለለ ነው። የተሸፈነ አደጋ ያመጣው መዘግየት ቢሆን እንኳ። የጦርነት ስጋትም በተለየ ክፍያ ነው የሚሸፈነው። ፖሊሲውን አንብቡት፤ «ኦል ሪስክስ» (ሁሉንም አደጋ) የሚለው ስም ያታልላል።

ኢንሹራንስ የግድ የሚያስፈልግበትን ሌላ ምክንያት ብዙ ሰው አያውቅም። መርከብ አደጋ ላይ ወድቆ ለማዳን ወጪ ከወጣ፣ ወጪውን የጭነት ባለቤቶች ሁሉ እንደ ዕቃቸው ዋጋ ይካፈሉታል። ጀነራል አቬሬጅ ይባላል። 400 ሜትር ርዝመት ያለው ኤቨር ጊቨን በመጋቢት 2021 ስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን ሲዘጋ ይህ ታወጀ። መርከቡ ከቦዩ ወጥቶም እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ ተይዞ ቆየ። በላዩ ከ18,000 በላይ ኮንቴይነር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኩባንያው ይሰጥለታል። የሌለው ዕቃው ምንም ሳይነካ ጥሬ ገንዘብ አስይዞ ነው የሚያስለቅቀው።

የጭነት መንገድ ሲዘጋ ምን ማድረግ እችላለሁ? መርከቡ የእኔ አይደለም።

መንገዱን አትከፍቱትም፤ ቀኑን ግን ቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። በእስያና በአውሮፓ መካከል ጉዞው በ10 ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። ያን ሰሞን የተጎዳው መርከቡ የዘገየበት ሁሉ አልነበረም። የማዘዣ ነጥቡን በድሮው ቀን የተወው ነው። መንገድ ሲረዝም ያን ቀን የመድረሻ ጊዜውን ቀይሩና ስሌቱን ድገሙት።

አጓጓዡም ራሱ አቅራቢ ነው፤ ይወድቃል። በነሐሴ 2016 የደቡብ ኮሪያው ሃንጂን ሺፒንግ ሲከስር ወደቦች ክፍያ አናገኝም ብለው መርከቦቹን አላስገባ አሉ። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ባሕር ላይ ተንሳፈፈ። አጓጓዥ መቀየርም የራሱ አደጋ አለው። በየካቲት 2018 በብሪታኒያ የዶሮ ምግብ ቤቱ ኬኤፍሲ ማጓጓዣውን ለአዲስ ድርጅት አስተላልፎ ሥርጭቱ ከአንድ መጋዘን እንዲወጣ ሲያደርግ፣ በቀናት ውስጥ ከ900 ገደማ ቤቶቹ ከግማሽ በላይ ዶሮ አልቆባቸው ዘጉ። ስትቀይሩ አሮጌውን ሳትለቁ በከፊል ጀምሩ።

ዲመሬጅና ዲቴንሽን እየበላኝ ነው። እንዴት ልቀንሰው?

ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ከነፃ ቀኖቹ (ያለ ክፍያ ከሚቀመጥባቸው ቀኖች) በላይ ተርሚናል ውስጥ ሲቀመጥ የሚከፈል ነው። ዲቴንሽን ከወጣ በኋላ ባዶውን በጊዜው ሳትመልሱ ስትቀሩ የሚከፈል ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከመርከብ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ (አጓጓዡ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ ያለው ክብደትና ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር) አይገጥምም፤ ወይም ኦሪጅናሉ ሰነድ ከዕቃው ኋላ ይደርሳል። ረቂቁን መርከቡ ሳይነሳ አስልካችሁ ቃል በቃል አመሳክሩ። ነፃ ቀን ላይ ደግሞ ዋጋ ስትደራደሩ ተደራደሩ፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

በውሉ ላይ ምን ላስገባ?

የመዘግየት ቅጣት ሁሉም ያስገባል። ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃ አያመጣም። እኔ የማስቀድማቸው ሌሎች ናቸው። አንደኛ፣ አቅራቢው ችግር ባወቀ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ። ሁለተኛ፣ «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» የሚለው አንቀጽ ገደብ ይኑረው፤ ለምሳሌ ከ30 ቀን ካለፈ ያለ ቅጣት ሌላ ቦታ መግዛት እንድትችሉ። ሦስተኛ፣ ምርት ሲያጥር ያለውን ለደንበኞቹ እንዴት እንደሚያካፍል። አራተኛ፣ ጥሬ ዕቃ ወይም የምርት ቦታ ከመቀየሩ በፊት እንዲጠይቃችሁ። የመጨረሻው በጥራት ስም ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

አቅራቢን በዋጋ ማስጨነቅ ስጋት ይጨምራል?

አዎ፣ ከልክ ሲያልፍ። ትርፍ የሌለው አቅራቢ ማሽን አያድስም፣ መለዋወጫ አይገዛም፣ ጥሩ ሠራተኛ አያቆይም። ክፍያ ማዘግየትም ያው ነው።

ወደ አይሲን እሳት ልመለስ። ቶዮታ በሳምንት ገደማ ወደ ሥራ የተመለሰው በውል ብቻ አይደለም። ከሁለት መቶ የማያንሱ ድርጅቶች ቫልቩን ለመሥራት ተረባረቡ፤ ከነሱ ውስጥ ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ ነበሩ፤ አንዱ የልብስ ስፌት ማሽን አምራች ነው። ብዙዎቹ ማን ስንት ይከፍላል ሳይባል ነው የጀመሩት። በክፍያ ቀን የሚደበቅ ደንበኛ ይህን አያገኝም።

የኮምፒውተር ጥቃት የእኔ ጉዳይ ነው?

ነው። በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ግዙፉን የመርከብ ድርጅት መርስክን መታ። ወደቦች ላይ መኪኖች ተሰልፈው ቆሙ፤ ኪሳራውም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ነበር። ኔትዎርኩን መልሰው ለመገንባት የረዳቸው ጋና ባለው ቢሯቸው መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጪ የነበረ አንድ ሰርቨር ነው። እናንተ የመብራት መጥፋትን ዕድል አትጠብቁ። የአቅራቢዎችን ስልክ፣ ክፍት ትዕዛዞችንና የክምችት ዝርዝርን በሳምንት አንዴ አትማችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ችግሩ ደረሰ። በመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ለዚህ ከስልክ አምራቾቹ ከኖኪያና ከኤሪክሰን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በመጋቢት 17 ቀን 2000 አሜሪካ ውስጥ አልበከርኪ ባለው የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ምክንያት እሳት ተነሳ። በደቂቃዎች ጠፋ። ጭሱና ውኃው ግን ንጹሕ መሆን ያለበትን ክፍል አበላሸው። ፊሊፕስ ለሁለቱም ደንበኞች የአንድ ሳምንት መዘግየት ነው አለ።

ኖኪያ «አንድ ሳምንት» የሚለውን ሰምቶ ዝም አላለም። ዕቃውን በየቀኑ ከሚጠየቁት ውስጥ አስገባ። ነገሩ ወራት እንደሚፈጅ ሲገባው ሰዎቹን ልኮ የፊሊፕስን ሌሎች ፋብሪካዎች አቅም ያዘ፤ ከሌሎች አምራቾችም አዘዘ። ኤሪክሰን ውስጥ ዜናው ወደ ኃላፊዎቹ ሳይወጣ ሳምንታት አለፉ። ሲነቃ የሚገዛ ቺፕ የለም። 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ አጣ። ብቸኛው ምክንያት ይህ ባይሆንም፣ በ2001 የስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር ቀላቀለ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። በመጋዘን ያለውን በዓይን ቁጠሩ፤ ኮምፒውተሩን አትመኑ። ለሌላው አቅራቢ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ደውሉ። ያለውን ዕቃ ለየትኛው ደንበኛ እንደምትሰጡ ወስኑ። ለቀሩት ደንበኞች ደግሞ እውነተኛውን ቀን ንገሯቸው። «ነገ ይደርሳል» እያሉ ማጉላላት ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ያሳጣል።

ለዚህ ሁሉ ሶፍትዌር ያስፈልጋል?

እስከ ብዙ መቶ ዕቃ ድረስ ኤክሴል ይበቃል። የዕቃው ስም፣ አቅራቢ፣ የምርት ቦታ፣ የመቆያ ቀን፣ የማገገሚያ ቀን፣ ክፍተት። በሦስት ወር አንዴ፣ ወይም አቅራቢና መንገድ ሲቀየር፣ ይታደሳል።

አለቃዬ «እስከዛሬ ምን ሆነ?» ይላል፤ ገንዘብ አይለቅም።

ስለ ጎርፍና ስለ ጦርነት አታውሩት። የክፍተቱን ቀን በአንድ ቀን ትርፍ አባዙ። ክፍተቱ 40 ቀን ሆኖ ያ ዕቃ በሚነካው ሽያጭ በቀን የምታገኙት ትርፍ 5,000 ከሆነ 200,000 ነው። ከጎኑ ክፍተቱን ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ወጪ ጻፉ። የናሙና ፍተሻው 6,000 ከሆነ ውሳኔው ቀላል ነው። ወጪው 300,000 ከሆነ ግን አለቃችሁ ትክክል ነው፤ ያን ስጋት ይዛችሁ ትኖራላችሁ። ወረቀቱ ላይ ቀን አድርጉበትና አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።